መለዮ የማይለብሱ ሌቦች

የእኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ደብተሩን ጥሎ የሚያነሣው ፖኬሞን የተባለውን የጃፓኖች ጨዋታ ነው። ባለፈው እሑድ ከጎኔ ተቀምጦ ሲጫወት ድንገት ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እንስሳ የሚሰርቁት ሌቦች በእኛ አገር አሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ጋዜጣዬን ሳላወርድ፣ «የሉም፤ ይህ ተረት ነው» ብዬ አሰናበትሁት። ከዚያ ወዲህ ግን መልሴ ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ልጁን ዋሽቼዋለሁና።

ፖኬሞንን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሳቶሺ ታጂሪ የተባለው ጃፓናዊ በልጅነቱ ጥንዚዛና ሌላውንም ነፍሳት በየሜዳው እየዞረ መልቀም ይወድ ነበር። ካደገ በኋላ ያን የልጅነት ደስታ ወደ ጨዋታ ለውጦ፣ ጌም ፍሪክ በሚባለው ድርጅቱ አማካይነት እ. ኤ. አ. በ1996 በኒንቴንዶ መጫወቻ ላይ አወጣው። ተጫዋቹ አንድ ልጅ ሆኖ ከቤቱ ይወጣል፤ በየጫካው፣ በየዋሻውና በየውኃው ዳር ልዩ ልዩ ፍጥረቶችን በኳስ እየያዘ ይሰበስባል፤ ያሠለጥናል፤ ከሌሎች ሰዎች ፍጥረቶችም ጋር ያጋጥማል። በመጀመሪያው ጨዋታ የፍጥረቶቹ ዓይነት 151 ነበር፤ ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ሆኗል።

ነገር ግን ሁሉም ደግ ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው በሁለተኛው ቀን በሰለቸ ነበር። ስለዚህ ክፉዎች ያስፈልጋሉ። ከክፉዎቹ ሁሉ ቀዳሚው የሮኬት ጓድ ነው። ጥቁር ልብስ ይለብሳል፤ በደረቱም ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ፊደል ያትማል። በቴሌቪዥን የሚታዩት ሁለቱ ጀሌዎች፣ ጄሲና ጄምስ፣ ከሚናገረው ድመታቸው ጋር ሆነው የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ራሳቸው ስለሚገቡ ብዙ ሰው ጓዱን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። ዋናው ጨዋታ ግን እንዲህ አይቀልድም። ጓዱ በአንድ ከተማ የቁማር ቤት ከፍቶ ከምድር በታች መሸሸጊያ ሠርቷል፤ መግቢያውን የሚከፍተው ቁልፍ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሥዕል ኋላ ተደብቋል። በቁማሩ የቀናው ሰው ሽልማቱን ሕያው ፍጥረት አድርጎ ይወስዳል። የሁሉም አለቃ ጆቫኒ የሚባል ሰው ነው፤ ይኸው ሰው በሌላ በኩል በሌላ ከተማ የተከበረ የአሠልጣኞች ሹም ነው። ተጫዋቹም ይህን የሚደርስበት ወደ ጨዋታው ፍጻሜ ገደማ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የኪዩቦን ታሪክ ነው። ኪዩቦን የሟች እናቱን የራስ ቅል እንደ ቆብ ደፍቶ የሚዞር ትንሽ ፍጥረት ነው። እናቲቱን የገደሏት የሮኬት ጓድ ሰዎች ናቸው፤ ከእጃቸው ለማምለጥ ስትሞክር። ነፍሷም ሙታን በሚያርፉበት ግንብ ውስጥ ቆማ መንገደኛውን ትከለክላለች። ለልጆች የተሠራ ጨዋታ ይህን ያህል ደፍሮ መናገሩ ያስደንቃል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። በእኛ አገር አሉን?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጥቶ፣ ቡራዩን አልፎ ወደ ሆለታ የሚጓዝ ሰው ስለ ከተማዪቱ ብዙ ነገር ሰምቶ ይሆናል። አንዱ ስለ ጦር ትምህርት ቤቱ ያነሣል፤ ሌላው ስለ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይተርካል፤ ግብርና የተማረው ደግሞ ስለ ምርምር ጣቢያውና ስለ ንቡ ያወራል። በሆለታ አጠገብ በ77 ሄክታር መሬት ላይ እንስሳ ኮቴ የተባለ የዱር አራዊት መጠለያ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። መጠለያውን ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የሚባለው የእንግሊዞች በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የድርጅቱ መሥራቾች ቨርጂኒያ ማክኬናና ባለቤታቸው ቢል ትራቨርስ፣ ኤልሳ ስለተባለችው አንበሳ በሚተርከውና እ. ኤ. አ. በ1966 በወጣው ሲኒማ የተጫወቱ ተዋንያን ነበሩ። ከአንበሳ ጋር ሲኒማ ሊሠሩ ሄደው አንበሳን ማሰር ክፉ መሆኑን ተምረው ተመለሱ።

ወደ እንስሳ ኮቴ የሚገባ አውሬ በፈቃዱ የመጣ አይደለም። አንዱ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተያዘ ነው፤ አንዱ በሆቴል ግቢ ለእንግዳ መታያ ታስሮ የተገኘ ነው፤ አንዱ በሰው ቤት ከውሻ ጋር ያደገ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዶሎ የተባለው አንበሳ ነበር። ስሙን ያገኘው በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ካለችው የዶሎ ከተማ ነው፤ በዚያች ከተማ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ዓመታት አሳልፏል። አንበሳ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሰንሰለቱ ሲመልሰው፣ ይህም ቀን በቀን ሲደጋገም ምን እንደሚያስብ እኔ አላውቅም።

በ1998 ዓ. ም. መጀመሪያ ገደማም በጎዴ ከተማ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ታስረው ተገኝተው ነበር። ልጆች እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ ያደርጓቸው ነበር፤ አንደኛው ዓይኑ ታውሯል። ያዩዋቸው በአካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው፤ ወሬው ዓለምን ከዞረ በኋላ ግልገሎቹ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጥተው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ከነበሩት አንበሶች ጎረቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ሌላ የሚያርፉበት ቦታ አልነበረም። እንደ ሆለታው ያለ መጠለያ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

የጎዴዎቹ ግልገሎች ዕድለኞች ነበሩ፤ ባሕር አልተሻገሩም። ዋናው ንግድ የሚካሄደው እንዲህ ነው። እናት አቦሸማኔ ለአደን ስትሄድ ግልገሎቿን በቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ትተዋቸዋለች። እረኛ ያገኛቸዋል። አንዳንዱ እረኛ አቦሸማኔ ፍየሉን ስለ በላችበት ግልገሎቿን እንደ ካሣ ይወስዳል፤ አንዳንዱም ደላላ እንደሚከፍል ሰምቶ ዱካዋን ተከትሎ ይሄዳል። ለእርሱ የሚደርሰው ገንዘብ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ቢሆን ነው። ደላላው ለሌላ ደላላ ያስተላልፋል፤ ግልገሎቹ በካርቶን ወይም በጆንያ ተከተው በመኪና ወደ ሶማሊላንድ ጠረፍ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በጀልባ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው የመን ይገባሉ፤ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች። እዚያ አንዱ ግልገል ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ገበያውም ጨለማ አይሻም፤ ሥዕሉ በኢንስታግራም ይለጠፋል፤ ገዢው ይጽፋል፤ «ዕቃው» ይደርሳል።

ላውሪ ማርከር የተባሉት አሜሪካዊት በናሚቢያ ያቋቋሙት የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት፣ ከአፍሪካ ቀንድ በዚህ መንገድ የሚወጡት ግልገሎች በዓመት 300 ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። ከአራት ግልገሎች ሦስቱ ገዢው እጅ ሳይደርሱ እንደሚሞቱም ይነገራል። በዱር የቀረው የዓለም አቦሸማኔ ደግሞ ተቆጥሮ ከ7 ሺህ እንደማይበልጥ ለሚያስታውስ ሰው 300 ትንሽ ቁጥር አይደለም። የኪዩቦን እናት ታሪክ እንግዲህ በኦጋዴን ሜዳ ላይ በየዓመቱ ይደገማል፤ ግንብ ላይ ቆማ የምትከለክል ነፍስ ብቻ የለችም።

ከጨዋታው ጋር ሳስተያየው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። የሮኬት ጓድ መለዮ አለው፤ መሸሸጊያ አለው፤ አለቃ አለው። የእኛዎቹ ግን ከእረኛው እስከ ጀልባ ነጂው ድረስ እያንዳንዱ የሠራት ሥራ ትንሽ ናት። እረኛው፣ «ፍየሌን በልታብኛለች» ይላል። ሾፌሩ፣ «ካርቶኑን ጫንኩ እንጂ አልከፈትሁትም» ይላል። ጆቫኒ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኔ በበኩሌ በውድ መኪናው የፊት ወንበር ላይ አቦሸማኔ አስቀምጦ ሥዕል የሚነሣውን ገዢ አሳያለሁ። እርሱ ሌባ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ እንስሳ ወዳድ ነኝ ይላል እንጂ። ኤሚሬቶች እ. ኤ. አ. በ2016 ባወጡት ሕግ አውሬን በግል መያዝ ከልክለዋል። በሶማሊላንድም እ. ኤ. አ. በ2018 ሁለት ሰዎች በግልገል ንግድ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ስለ ገዢው ይህን ያህል ካልሁ ዘንድ ስለ ራሳችንም ዝም ማለት አይገባኝም። አውሬ መሰብሰብ የክብር ምልክት ሆኖ የኖረው በእኛም አገር ነው። ግሬቪ የሚባለው የሜዳ አህያ ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከአገራችን አንድ የሜዳ አህያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በገጸ በረከት ስለ ተላከ ነው። የስድስት ኪሎውም የአንበሶች ግቢ በ1940 ዓ. ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተ ነው፤ ከእኛ መካከል ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ የእነዚያን አንበሶች ድምፅ ያልሰማ ማን አለ? ደግሞም ነገሩ ባንድ ወገን ብቻ የሚፈረድ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ2012 በወጣ የዘር ምርመራ የእነዚህ አንበሶች ዘር ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ያ አጥር አንበሶቹን አስሯል፤ ዘራቸውንም አቆይቷል።

በዱር ለሚኖረው ግን መሰብሰብ ምን ጊዜም እንዲህ ደግ ሆኖ አያውቅም። የሕንድ ንጉሥ አክባር ለአደን የሚያሠለጥናቸው 1 ሺህ አቦሸማኔዎች እንደነበሩት ይተረካል። አቦሸማኔ በእስር ቤት በቀላሉ አይወልድም፤ ስለዚህ መሳፍንቱ ጎደለ ባሉ ቁጥር ከዱር ያስይዙ ነበር። ለዘመናት እንዲህ ሲያዝ፣ ሲታደንና መሬቱ ሲታረስ ኖሮ እ. ኤ. አ. በ1952 የሕንድ መንግሥት አቦሸማኔ ከአገሩ ፈጽሞ መጥፋቱን አስታወቀ። በ2022 ስምንት አቦሸማኔዎች ከናሚቢያ በአውሮፕላን ተጭነው ገቡ።

የጥርኛችንንም ነገር አልረሳሁትም። ከጨዋታው በአንዱ ክፍል የሮኬት ጓድ ስሎውፖክ የተባለውን የዋህ ፍጥረት ጅራት እየቆረጠ ለምግብ ይሸጣል። የእኅቴ ልጅ በዚህ ክፍል እጅግ ይቆጣል። ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቀፎ አስሮ፣ በእሳት አጠገብ አኑሮ ዝባዱን እየጠረጉ በቀንድ ሞልቶ ለሽቶ ሠሪዎች መላክ የአገራችን የኖረ ንግድ መሆኑን እስካሁን አልነገርሁትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። እ. ኤ. አ. በ2010 በወጣው የፖኬሞን ጨዋታ የፕላዝማ ጓድ የሚባል ሌላ ቡድን አለ። ይህኛው እንደ ሮኬት ጓድ ለገንዘብ አይሰርቅም፤ በየአደባባዩ ቆሞ፣ «ፍጥረቶችን ማሰር ግፍ ነው፤ ሁላችሁም ልቀቁ» እያለ ይሰብካል። ከፍጥረቶች ጋር ያደገው ወጣቱ ንጉሣቸው ይህን ከልቡ ያምናል። ከኋላው ሆኖ ነገሩን የሚመራው ጌቺስ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ከለቀቀ በኋላ እርሱ ብቻ ባለ ኃይል ሆኖ እንዲቀር የሚሻ ነው። በእኔ አስተያየት ከጨዋታው ጓዶች ሁሉ በብልኀት የታሰበው ይህ ነው፤ ክፉውን ሰው ትክክለኛ ቃል ያናግረዋልና።

ቃሉ ትክክለኛ ከሆነ በሆለታ ያሉት ለምን አይለቀቁም? ሊለቀቅ የሚችለው ይለቀቃል። አቦሸማኔ ግን ከእናቷ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ኖራ ነው አደንን የምትማረው። በሁለት ሳምንቷ ከጉያ የተነጠቀች ግልገል ሚዳቋ እንዴት እንደሚጣል የሚያሳያት አላገኘችም። በጉዞው ላይ ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ ወይም የፍየል ወተት ብቻ ስለሚሰጧት አጥንቷ ይልማል። ሰውንም አትፈራም፤ ሰው የማይፈራ አቦሸማኔ መንደር ገብቶ በመጀመሪያው ሳምንት ይገደላል። ስለዚህ ደጉ ሰው ሊያደርግላት የሚችለው ከሌባው ያነሰ አጥር ሳይሆን ከሌባው የሰፋ አጥር መሥራት ነው። ወደ ሆለታ የሚገባ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን እዚያው ይኖራል፤ ሥጋ በየጊዜው ይገዛለታል፤ ሐኪም ያየዋል፤ አጥር ይታደስለታል። ሌባው ሁለት መቶ ዶላር ያወጣበትን ሥራ ለማቃናት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ነገ በጉምሩክ ኬላ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጡ ወጣቶች አሉ። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በሕገ ወጥ አደንና ንግድ ለተገኘ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ደንግጓል። አንድ ግልገል ማዶ በምታወጣው ዋጋ ሲመዘን መቀጮው ምን ያህል እንደሚያስፈራ አንባቢ ራሱ ያስላው። ግን ወንጀለኛውን መያዝ የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆንም። ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት የጭነት መኪና ፈትሸህ በካርቶን ውስጥ አራት ግልገሎች አገኘህ እንበል። ሾፌሩን ወደ ጣቢያ ትልከዋለህ። ግልገሎቹንስ? ቢሮህ ውስጥ ያለው አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ ግልገሎቹ ውኃ ጠምቷቸዋል፤ ሆለታ ደግሞ ከአንተ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ያን ሌሊት ማንን እንደምትጠራ አስቀድመህ ካላወቅህ ጠዋት የምታስረክበው ኤግዚቢት ሬሳ ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ማታ ለእኅቴ ልጅ መልሴን አረምሁለት። ሌቦቹ መኖራቸውን፣ መለዮ ግን እንደማይለብሱ ነገርሁት። ዶሎ ስለተባለው አንበሳም አወራሁት። ጨዋታውን አቁሞ ሲሰማኝ ቆየና፣ «ታዲያ መጨረሻ ላይ ተፈታ?» አለኝ።

«ከሰንሰለቱ ተፈታ፤ ከአጥሩ ግን አልወጣም» አልሁት።

«አጥሩ ትልቅ ነው?»

ትልቅ መሆኑን ነገርሁት። ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ደግሞ ሊያውቅ ፈለገና፣ ከእኛ ግቢ ይበልጥ እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳም ይበልጥ እንደሆነ እስኪያጣራ ድረስ እራት አልበላም አለ።