የቁስልን ጥድፊያ የገታው ሰፍነግ

ቃጠሎ የሰውን ገላ ሲያጠፋ ሕይወትን የሚፈታተነው ሥቃዩ ብቻ ሳይሆን፣ የሰውነትን ውሃ በውስጥ ይዞ ተሐዋስያንን በውጭ የሚያግደው መጋረጃ መቀደዱ ጭምር ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ቁስሉን በምን እንደሚሸፍነው ነው። ከሕመምተኛው ደኅና ገላ ስስ ቆዳ ገፎ መለጠፍ የቆየ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሰውነቱ ከእኩሌታ በላይ የተቃጠለበት ሰው የሚገፈፍ ቆዳ ከየት ያገኛል?

ይህ ጥያቄ ዕረፍት የነሣቸው የቦስተኑ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ጆን በርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምሩ ከነበሩት፣ ትውልዳቸው ከግሪክ ከሆነው ከፕሮፌሰር ዮአኒስ ያናስ ጋር ተባበሩ፤ ለሥራቸው የመረጡትም ኮላጅንን፣ ማለት ሦስት ክሮች እርስ በርሳቸው ተገምደው የሚሠሩትን፣ ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን የሚያጸናውን፣ ከሰውነታችን ፕሮቲን ሲሶ ያህሉን የሚይዘውን ረቂቅ ንጥረ ነገር ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ከከብት ያወጡትን ኮላጅን ከሻርክ ልም አጥንት ከተገኘ ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ካዋሐዱ በኋላ አቀዘቀዙት፤ በረዶው ሳይቀልጥ ተንኖ እንዲወጣ ባደረጉ ጊዜም፣ በረዶው የነበረበት ሥፍራ ሁሉ ዓይን የማይለየው ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። እንዲህ የተገኘውን ስስ ሰፍነግ በላዩ የሲሊኮን ሽፋን አለበሱት።

የድካማቸው ዓላማ ቁስሉ ቶሎ እንዲዘጋ ማድረግ ነበር። በእንስሳት ላይ ሲፈትኑት ግን ሰፍነጉ የቁስሉን መዘጋት ይባስ አዘገየው። እኔ እንደማምነው የእነዚህ ሰዎች ታላቅነት የሚታየው በዚህ ላይ ነው፤ የዘገየውን ቁስል ንቀው ሳይጥሉ በማጉሊያ መነጽር መርምረው፣ ከሥሩ ጠባሳ ሳይሆን ለጤነኛው የውስጥ ቆዳ የቀረበ ሥጋ መብቀሉን አስተዋሉ። ምክንያቱም ለራሱ የተተወ ጥልቅ ቁስል የሚሽረው ሕዋሳቱ ዳርና ዳሩን እየጎተቱ አጨማደው፣ ክሮቹንም ወደ አንድ አቅጣጫ ደርድረው ጠባሳ በማኖር ሲሆን፣ ሰፍነጉ እነዚያን ሕዋሳት በየቀዳዳው በትኖ ስለሚይዛቸው ኅብረው መጎተት ይሳናቸዋል። ሰፍነጉ ፈጥኖ ቢሟሟ ሕዋሳቱ ያመልጡታል፤ ከመጠን በላይ ቢቆይ ደግሞ ለአዲሱ ሥጋ እንቅፋት ይሆናል፤ ስለዚህ ዕድሜው በሳምንታት ተለክቶ የተወሰነ ነው።

ሐኪሙ የነደደውን ሥጋ ቆርጦ ካነሣ በኋላ ሰፍነጉን ያለብሰዋል፤ የደም ሥሮች ገብተውበት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ሲሊኮኑን ልጦ እጅግ ስስ ቆዳ ይለጥፍበታል፤ ያም ቆዳ ስስ በመሆኑ የተወሰደበት ሥፍራ ቶሎ ሽሮ ዳግመኛ ለመገፈፍ ይበቃል። በርክና ያናስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከገላቸው ከ50 እስከ 95 በመቶ የተቃጠለባቸውን 10 ሕሙማን በዚህ መንገድ ማከማቸውን ገለጹ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ1996 ኢንተግራ በሚባል ስም ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደ።

ይሁን እንጂ በዚህ ጥበብ የበቀለ ቆዳ ጠጕርም ላብ አመንጪ ዕጢም የለውም፤ ሰፊ ገላው የተቃጠለበት ሰውም ከዳነ በኋላ ሙቀት ይከብደዋል። ተመራማሪዎች ዛሬም የሚደክሙት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።