ተጨማሪ መረጃ፦ አከራካሪ ርዕሶችና አዲስ አርታኢዎች
በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አብዛኛውን ጽሑፍ ማንም ሰው ማረም ቢችልም፣ የአረብና የእስራኤልን ግጭት በመሳሰሉ ጥቂት ርዕሶች ላይ ግን ማረም የሚፈቀደው መለያው፣ ማለትም የተመዘገበበት የተጠቃሚ ስም፣ ከተከፈተ 30 ቀን ለሞላውና ቢያንስ 500 እርማት ላደረገ አርታኢ ብቻ ነው። ይህን ያላሟላ ጀማሪ በውይይት ገጹ ላይ የትኛው ዓረፍተ ነገር በምን እንዲተካ እንደሚፈልግ በትክክል ጽፎ፣ ታማኝ ምንጭ አያይዞ የእርማት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ደንቡን ያወጣው አርታኢዎች በድምፅ የሚመርጡት የግልግል ኮሚቴ ሲሆን፣ ቅን ጀማሪዎችንም ማገዱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ለዘመቻ ሲባል በአንድ ጀምበር የሚከፈቱ መለያዎችን ስለሚገታ ተገቢ ነው። በዚሁ ግጭት ገጾች ላይ ነባር አርታኢም ቢሆን የሌላውን እርማት በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መሻር በመርሕ ደረጃ አይፈቀድለትም።