ከውሃ በታች ያለው ሣር

ከሆሳዕና ወደ ሻሾጎ ወርዶ የቦዮን ሐይቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ወፉንና ደንገሉን ነው። በኩሬም ሆነ በሐይቅ ከውሃው በታች የሚበቅለውን ሣር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ልብ ያለውም እንደሆነ «እምቦጭ መጣ!» ብሎ ሊነቅለው ይነሣል። እኛም ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበርንምና ዛሬ ወዳጁን ከጠላቱ ስለ መለየት ጥቂት ልናወጋ ፈለግን።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ አረም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በቆቃ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታየ። አገዳው ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ሲሆን በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ሣር ግን ኑሮው ከውሃው በታች ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ሴራቶፊሉም የሚሉት ሥር የለውም፤ እንደ መንሽ የተሰነጠቀው ቅጠሉ አገዳውን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ሲዳስሱትም ይሻክራል። ፖታሞጌቶን የሚባለው በጭቃው ውስጥ ሥር ሰዶ፣ ሲያብብ ትንሽ ዛላ ከውሃው በላይ ብቅ ያደርጋል። ቫሊስኔሪያ ደግሞ ጥብጣብ የመሰለ ረጅም ቅጠል ከሥሩ ያወጣል።

እነዚህ ቀን በፀሐይ ብርሃን ለውሃው ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ጭቃውን ያረጋሉ፤ ለዓሣ ጫጩትም መሸሸጊያ ናቸው። ፈጽመው የተነቀሉ እንደሆነ ውሃው ይደፈርሳል፤ ማዳበሪያ ከእርሻ የሚወርድበት ኩሬም በአልጌ ሊሞላ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሣሩ ከመጠን ሲያልፍ ጉዳት አለው። የቢልሐርዚያን ተውሳክ የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ በውስጡ ይመገባል፤ ይራባልም። በ2023 የታተመ የሴኔጋል ጥናት እንዳስረዳው፣ ሣሩ ከውሃ መግቢያው በተነሣባቸው መንደሮች ልጆች በበሽታው የሚያዙት ቀንሷል፤ የተነሣውም ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ውሏል። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 በዐድዋ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ደርሰውበታል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚጎዳ እንዲሁ በዘፈቀደ ከሐይቅ የሚጨመር አይደለም።

ስለዚህ ሕፃናት የሚዋኙበትንና ውሃ የሚቀዳበትን ዳር ብቻ ማጽዳት፣ የቀረውን ለዓሣው መተው ይበጃል። ሠራተኛውም ውሃው ውስጥ ሳይገባ ረጅም እጀታ ባለው መንሽ ከዳር ሆኖ ይሳበው። የተነሣው ሣር ከውሃው ይራቅ፤ እዚያው ከበሰበሰ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል፤ የሴራቶፊሉም ቁራጭም መልሶ ይበቅላል።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይናችንን ወደ ላይ ማንሣት ይገባናል። ከሐድያና ከከምባታ ተዳፋት በክረምት ጎርፍ የሚታጠበው አፈር ወደ ብላቴ ተፋሰስ ይወርዳል፤ ቦዮም በደለል ይጎዳል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ብርሃን አይገባም፤ ብርሃን ከሌለም ወዳጅ የሆነው ሣር ይሞታል። እርከን የሚሠራውና እንሰቱን የሚንከባከበው ገበሬ ሐይቁን አይቶት ባያውቅም ጠባቂው እርሱ ነው። የላዩን አፈር ያልያዘ የታቹን ውሃ አይጠብቅምና።