ደመወዝ የሚገባበትና ገንዘብ የሚያድርበት

የካርቱሙ ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለከተማዋ ሙስሊሞች የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ ለእኛ ሰዎች ደግሞ ቀዳም ሥዑር ነበር። ዴምና ጅሬፍ በተባሉ የከተማዋ ሰፈሮች ለፋሲካ ሲሰናዱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ጠዋት ከሥራቸው ብቻ ሳይሆን ከገንዘባቸውም ተቆራረጡ። ባንኮች ተዘጉ፤ የማዕከላዊው ባንክ ሕንፃ በእሳት ተያያዘ፤ ቅርንጫፎች ተዘረፉ፤ የክፍያ ማሽኖች ሥራ አቆሙ። በገዳሪፍ አድርጎ መተማ የደረሰ ብዙ ሰው በእጁ የነበረው ያን ዕለት ኪሱ ውስጥ የተገኘው ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ላይ ካልተወሰደበት።

በውጭ አገር የሚሠሩ አንባቢዎች አብዝተው የሚጠይቁት የትኛው ባንክ ኮሚሽኑ እንደሚያንስ፣ የትኛው የምንዛሪ ዋጋው እንደሚሻል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሰሃራ በታች ወዳሉ አገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከመቶ ስምንት ያህሉ በማስተላለፊያ ወጪ ይበላል፤ ይህ ለሠራተኛ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ነገ ይህን ከተማ ለቅቄ ብወጣ ገንዘቤን በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው መንግሥት ፈቃድ አወጣዋለሁ? የካርቱም ወገኖቻችን የዚህን ጥያቄ መልስ ያወቁት ብዙ ከከፈሉበት በኋላ ነው።

ካርቱም ውስጥ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፓስፖርትና ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ከኢትዮጵያውያኑ ብዙው በመተማ በኩል ያለ ሰነድ የገባ፣ በሰው ቤት፣ በሻይ ቤትና በጋራዥ የሚሠራ ነው። ኢቃማ ከሌለ ሒሳብ የለም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ የወር ደመወዝ አንድም አሠሪዋ ዘንድ «ይጠራቀምልኝ» ተብሎ ይቀመጣል፣ አንድም በሳጥን ይቆለፋል፣ አንድም በአንድ የሚታመን ሱዳናዊ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይገባል። በሰላም ቀን ሦስቱም ያገለግላሉ። አሠሪዋ ልጆቿን ይዛ ወደ ግብፅ ወይም ወደ ፖርት ሱዳን ስትሸሽ ግን የወራት ደመወዝ አብሮ ይሄዳል። ያ የሚታመን ሰውም ቢሆን ሳይከዳ፣ ስልኩ ስለጠፋ ብቻ የሌላውን ሰው ላብ ሊመልስ አይችልም።

ስለ ስልክ ካነሳን ባንካክን ማለፍ አይቻልም። ባንካክ ሥረ መሠረቱ እ.ኤ.አ. ወደ 1913 የሚመለሰው የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ለቀናት ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ የአገሪቱን ገበያ የተሸከመው እሱ ነው። ገዢው ከስልኩ ወደ ሻጩ ሒሳብ ያስተላልፋል፤ ሱዳኖቹ ኢሽዓር የሚሉትን የማረጋገጫ ምስል በዋትስአፕ ይልካል፤ ሻጩ የግብይቱን ቁጥር አይቶ ስኳሩን ወይም ዘይቱን ያስረክባል። ጥሬ ገንዘብ የፈለገ ሰው ደግሞ ለነጋዴ በባንካክ አስተላልፎ፣ ጥሬው ባጠረበት አካባቢ ከመቶ አሥር ወይም ሃያ ተቆርጦበት ይቀበላል። በሒሳቡ 100,000 ፓውንድ ያለው ሰው እጁ ላይ የሚገባው 80,000 ከሆነ፣ መተግበሪያው የሚያሳየው ቁጥር የገንዘቡ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። ይህ ልዩነት ጦርነቱ ያመጣው ብቻም አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አጥሯቸው በቀን የሚወጣውን መጠን ሲገድቡም አንዱ ዕቃ በጥሬ ሲከፈልና በባንክ ሲከፈል ሁለት ዋጋ ነበረው። ጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የአገሪቱ ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ባንካክን የተማመነ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

ሳጥን ውስጥ ያለውም አልዳነም። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶችን ቀየረ። ቅያሪው የተካሄደው ጦሩ በሚቆጣጠራቸው ግዛቶች፣ በባንክ በኩል ነበር። አሮጌውን ኖት ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው ለመለወጥ ወደ ሸሸበት አገር መመለስ ሊኖርበት ነው፤ ማን ይመለሳል? የፓውንዱ ዋጋ ራሱ ከጦርነቱ በፊትም ሲሟሽሽ ነው የኖረው። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት ይፋዊውን ተመን በአንድ ዶላር ከ55 ወደ 375 ፓውንድ አወረደው። ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ስለነበር ጉዳቱ በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። በፓውንድ ያጠራቀመ ሰው የልፋቱ ዋጋ በየወሩ ሲሸረሸር ቆይቷል።

«የአገራችን ባንክ እዚያ ቢኖር ኖሮ» የሚሉ አሉ። ነበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ እ.ኤ.አ. በ1958 ካርቱም ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር፤ በኋላም ቅርንጫፉ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1970 የሱዳኑ የኒሜሪ መንግሥት ባንኮችን ሁሉ ሲወርስ የእኛም አብሮ ተወረሰና ስሙ የጁባ ንግድ ባንክ ሆነ። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የኢትዮጵያ ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ የሚተዳደረው በሱዳን ሕግ ነበር። ዛሬም በውጭ አገር ሒሳብ ስንከፍት ከባንኩ ስም ይልቅ ገንዘቡ የሚያድርበትን አገር ሕግ ማየት አለብን የምለው ለዚህ ነው።

አገር ቤትም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በክልሉ ባንኮች ተዘጉ፤ ሒሳባቸው ትግራይ ቅርንጫፍ በመከፈቱ ብቻ አዲስ አበባ ተቀምጠው ገንዘባቸውን ማውጣት ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ። አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ላይ ነው። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የባንክ መተግበሪያ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ወደ አገር የላኩት ሁሉ በአስተማማኝ ቦታ ተቀምጧል ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም።

እንግዲህ የምመክረው ደመወዝ የሚገባበትን፣ የዕለት ወጪ የሚወጣበትንና ገንዘብ የሚያድርበትን ሒሳብ መለየት ነው። የሚኖሩበት አገር ሒሳብ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይና አስቤዛ ከያዘ ይበቃዋል። ጦርነት ባይመጣ እንኳ የመኖሪያ ፈቃድ ሲያልፍ ባንኩ ሒሳቡን ሊያግድ ይችላል፤ ይህ በብዙ አገር የተለመደ ነው።

ካርቱም ተቀምጦ ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ድርጅት በኢንተርኔት ለሚሠራ ተርጓሚ፣ ፕሮግራመር ወይም የሒሳብ ባለሙያ ችግሩ የሚጀምረው ከደመወዝ መግቢያው ነው። አሜሪካ ሱዳን ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችውን ማዕቀብ ያነሳችው በ2017 ነው፤ ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ መንግሥታት መዝገብ የሱዳንን ስም የፋቀችው ደግሞ በታኅሣሥ 2020። ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ደንበኞች ገንዘብ በማንቀሳቀሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ያን ያየ የባንክ ሠራተኛ አድራሻው ላይ ካርቱም የሚል ቃል ሲያገኝ 600 ዶላርም ቢሆን ያስቆማል፤ ማዕቀቡ ከተነሳ በኋላም ፍርሃቱ ቶሎ አልለቀቀም። በዚህ ጊዜ የውሸት አድራሻ መስጠት የሚቀል ይመስላል። እባካችሁ አታድርጉት። መተግበሪያው የሚከፈትበትን ቦታ ባንኩ ያያል፤ ሒሳቡ የሚታገደውም ገንዘቡ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። በሌላ አገር ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ደመወዙን እዚያ ተቀብሎ ለኑሮ የሚበቃውን ብቻ ማስገባት ይችላል። የሌለው ደግሞ እውነተኛ አድራሻውን ይዞ የሚቀበለውን ባንክ ቢፈልግ፣ ኮሚሽኑ ቢበዛ እንኳ ይሻለዋል።

እንደ ፔዮኒርና ዋይዝ ያሉ የክፍያ ድርጅቶች በሚሠሩባቸው አገሮች ለሚኖር የኢንተርኔት ሠራተኛ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣሉ። ሆኖም እዚያ ያለ ቀሪ ገንዘብ በባንክ ያለ ተቀማጭ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ባንክ ቢከስር ለአስቀማጭ እስከ 100,000 ዩሮ፣ በአሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለ፤ በክፍያ ድርጅት የተያዘ ገንዘብ ግን ከድርጅቱ ንብረት ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል እንጂ ባጠቃላይ ይህ ዋስትና የለውም። ድልድይ አድርጋችሁ ተሻገሩበት እንጂ አትኑሩበት። ለንጽጽር ያህል፣ የእኛ የተቀማጭ ዋስትና ፈንድ ሽፋን በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ 100,000 ብር ነው።

በየትኛው ገንዘብ ይቀመጥ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተኩል ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ዓመት ሳይሞላም 130 ብርን አለፈ። በዋዜማው ወደ 1,740 ዶላር ይመነዘር የነበረ 100,000 ብር በዓመቱ 770 ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሰባት በመቶ የቁጠባ ወለድ ይህን አይጠግንም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዶላር፣ በፓውንድና በዩሮ ሒሳብ እንዲከፈት ፈቅዷል። ከአማራጮቹ አንዱ ግን ተመልሶ ወደ ውጭ የማይወጣ የብር ሒሳብ ነው፤ ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ የሚላክለትን ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለውን ደመወዝ በምንዛሪ ሒሳብ መያዝ ይችላል። አዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ለሚሠራ ወጣት ይህ ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕድል ነው። ሒሳቡን ሲከፍት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ ውጭ ልክፈል ብል ገንዘቡ በስንት ቀን ይሄዳል? መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል ይመረጣል። በዓመት ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ ከቆየ ደግሞ ከውጭ የሚያገኘውም ገቢ ግብር የሚጠየቅበት መሆኑን አይርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ሒሳቡ በማን ስም ነው? ከሱዳን፣ ከቤሩት፣ ከሪያድ የተላከ ገንዘብ በወንድም ወይም በእናት ስም ሲገባ የኖረበት ምክንያት ይገባኛል፤ ላኪዋ ራሷ ሒሳብ የምትከፍትበት መንገድ አልነበራትም። ፍቅርም እምነትም አለበት። ነገር ግን በወንድም ስም ያለ ገንዘብ በሕግ ፊት የወንድም ነው። ወንድም ቢሞት ሚስቱና ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ይረከቡታል፤ እህት ላቧን የምታስረዳበት ሰነድ የላትም። በራስ ስም ሒሳብ ለማስከፈት ግን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ውክልና መስጠት ይቻላል። ውክልናውም ሁሉን አድርግ የሚል መሆን የለበትም፤ ሒሳብ በስሜ ይክፈትልኝ፣ ገንዘብ ያስገባልኝ፣ ለእናቴ በየወሩ ይህን ያህል ያውጣላት ተብሎ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ስልክ ቁጥሩም እንዲሁ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው በኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ከሆነና ሲሙ ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ከተዘጋ፣ ባንኩ ሥራ ላይ እያለ ባለቤቱ ደጅ ይቀራል። የሱዳን ሲም ይዘው የወጡ የባንካክ ደንበኞችም ያዩት ይህንኑ ነው። አገር ከመልቀቅ በፊት ባንኩ በኢሜል ወይም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ የሚችል መሆኑን መጠየቅ፣ የሒሳብ ቁጥርንና የፓስፖርትን ቅጂ ከስልክ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከባንኮቻችን የምጠብቀውም አለ። ከሱዳን በመተማ ዮሐንስ የተመለሰ ሰው በአብዛኛው ፓስፖርት የለውም፤ የቀበሌ መታወቂያውም ከአገር ሲወጣ የቀረ ወይም ያለፈበት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርን ግዴታ እያደረገ በመጣበት ጊዜ፣ ተመላሹ ድንበር ላይ በተመዘገበበት ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ የፋይዳ ምዝገባና የባንክ ሒሳብ አብረው ቢሰጡት የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ተመላሹ ወደ ውጭ በድጋሚ ቢሄድ እንኳ ሒሳቡ ይከተለዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ካርቱም ስትረጋጋ ወደ ካርቱም፣ አለዚያም ወደ ጁባ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው። ከመሄዳቸው በፊት በስማቸው የተከፈተ ሒሳብ የሚያስይዛቸው ባንክ መኖር አለበት፤ መተማ ላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ባንኮች ይህን ለመጀመር የሌላ አገር ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።