የቬርዲ ኦፔራ ከቲያትር ቤት ወጥቶ የሕዝብ ዜማ የሆነው ለምንድን ነው?

ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ጁሴፔ ቬርዲ ካረፈ ከ120 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሥራዎቹ ግን ዛሬም በዓለም ታላላቅ መድረኮች በብዛት ከሚቀርቡት መካከል ናቸው። ሙሉ ታሪክን በዜማና በኦርኬስትራ የሚተርከውን ኦፔራን ብዙዎች የመኳንንት ጥበብ አድርገው ይቆጥሩታል። ታዲያ የቬርዲ ዜማ ከተራው ሕዝብ አፍ እንዴት ገባ?

ቬርዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1813 በሰሜን ጣሊያን፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ከመጠጥ ቤት ባለቤት ተወለደ። በ1832 የሚላን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይቀበለው ቀረ። ጥቂት ቆይቶም ሁለት ልጆቹንና ባለቤቱን በሞት አጣ። ስሙን ያስጠራው ከዚህ ኀዘን በኋላ፣ በ1842 በሚላኑ ላ ስካላ ቲያትር የቀረበው «ናቡኮ» ነው።

በዚህ ሥራ በባቢሎን የተማረኩ ዕብራውያን የአገራቸውን ናፍቆት በኅብረት ያዜማሉ። በወቅቱ ሚላን በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበረች። ምሁራን እንደሚያስረዱት የመዝሙሩ ፖለቲካዊ ትርጉም ጎልቶ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሕዝቡ በመጀመሪያ የወደደው ዜማውን ነበር። ጣሊያን አንድ መንግሥት ስትሆን ቬርዲ በ1861 ለመጀመሪያው ምክር ቤት ተመረጠ።

ሁለተኛው ምክንያት የባለታሪኮቹ ማንነት ነው። «ሪጎሌቶ» (1851) ልጁን ከክፉ ዓይን ለመሰወር የሚታገል ጎባጣ የቤተ መንግሥት አጫዋች፣ «ላ ትራቪያታ» (1853) ደግሞ ኅብረተሰቡ የናቃትን በሽተኛ ሴት መከራ ይተርካሉ። ቬርዲ የተናቁትን በመድረኩ መሃል አቆመ፤ ኀዘናቸውንም ጆሮ ወዲያው በሚይዘው አጭርና ግልጽ ዜማ ገለጸ። ዜማዎቹም በየጎዳናው በእጅ በሚዞር የሙዚቃ ሣጥን ይሰሙ ነበር።

ለዚህ ቀጠናና ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን «አይዳ» ነው። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ ኢስማኢል በ1869 ለተከፈተው የካይሮ ኦፔራ ቤት አዲስ ሥራ እንዲደርስለት ቬርዲን ጠየቀ፤ 150 ሺህ ፍራንክም ከፈለው። አልባሳቱና የመድረክ ዕቃው በፕሩሺያ ጦር በተከበበችው ፓሪስ በመቅረታቸው ዝግጅቱ ዘገየ። በመጨረሻም ዲሴምበር 24 ቀን 1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

አይዳ ማንነቷን ሰውራ በግብፅ ቤተ መንግሥት በምርኮ የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የምትወደው የጠላት ጦር አዛዥ ነው፤ ልቧ በእርሱና በአባቷ አገር መካከል ተከፍሏል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ በመድረኩ የምትታየው ኢትዮጵያም የአውሮፓውያን ምናብ የሳላት ናት። ሆኖም አይዳ ሌሊት በዓባይ ዳር ቆማ ዳግም አላያትም ብላ ስለምትፈራት አገሯ ስታዜም፣ ሰው ቤት እያገለገለ አገሩን ለሚናፍቅ ሁሉ ስሜቱ እንግዳ አይሆንም።

ቬርዲ በ1901 በሚላን አረፈ። ቀብሩ ያለ ሙዚቃ እንዲፈጸም ተናዞ ስለነበር ኑዛዜው ተከበረለት። ከአንድ ወር በኋላ አስከሬኑ ላረጁ ሙዚቀኞች ባሠራው መጦሪያ ቤት ሊያርፍ ሲወሰድ ግን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በወጣበት ሥነ ሥርዓት ያ የምርኮኞች መዝሙር ተዘመረ።