የታመነ ጠመንጃ

የሆሳዕና ከተማ ምሥረታ ከራስ አባተ ቧያለው ጋር የተያያዘ ነው። ራስ አባተ የመድፍ ሰው ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ከበባ በመድፍ ተኳሽነታቸው ስማቸው ገነነ፤ ኋላም ከምባታን እንዲያስተዳድሩ ተሾመው ዋቸሞ ይባል በነበረው ደጋ ላይ ከተሙ። ከዚያ ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከአንጋጫ የወጡ ልጆች በየዘመኑ ዘምተዋል፤ በየዘመኑም የታጠቁት መሣሪያ ይለያያል። ወታደር ግን የትኛውንም ጠመንጃ ሲረከብ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ቃታው ሲሳብ ይተኩሳል ወይስ ይከዳል?

ጠመንጃ በሦስት መንገድ ይከዳል። አንደኛው ጥይቱ ሲከሽፍ ነው፤ ቃታው ተስቦ መቺው ይመታል፣ ባሩዱ ግን አይቀጣጠልም። ሁለተኛው ሲነክስ ነው፤ አዲሱ ጥይት በወጉ አልጎርስ ወይም የተተኮሰው ቀለህ አልወጣ ይላል። ሦስተኛው ከመሣሪያው አንድ ክፍል ሲሰበር ወይም ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው የጥይቱ ጥፋት ነው። ሁለተኛውን ቆሻሻ፣ ዝገትና የማይስማማ ጥይት ያመጡታል። ሦስተኛው መለዋወጫ ካልተገኘ መድኃኒት የለውም።

አባቶቻችን የታጠቁት ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ እንደገና በእጅ ይጎርሳል። የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ የሚሰበር ነገርም ብዙ የለውም። ድክመቱ ከጥይቱ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ጢሱ ተኳሹን ያጋልጣል፤ ጥላሸቱ አፈሙዙን ይደፍናል። በዚያ ላይ የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የከረመ፣ ወይም ቀለሁ ባገር ባሩድ የተሞላ ጥይት በጦርነት ቀን እንደ አዲስ አይታመንም። ሌላው ችግር የጠመንጃው ዓይነት መብዛቱ ነው። በዓድዋ ውጅግራ የያዘውና ሬሚንግተን የያዘው ጎን ለጎን ሲዋጉ አንዱ ዝናር ሲያልቅበት ከሌላው መበደር አይችልም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣም የጠመንጃው ዓይነት አልተዋሐደም ነበር።

ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ ግን አንድ ዓይነት የአሜሪካ ትጥቅ ተረክቦ፣ በዚያው ሠልጥኖ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ዋናው የእግረኛ ጠመንጃ ኤም ዋን ነበር፤ 4.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 8 ጥይት ይጎርሳል፣ ከተኩሱ በሚወጣው ጋዝ ኃይል ራሱ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ያጎርሳል። በኮሪያ የተዋጉ ወታደሮች በክብደቱ ቢያማርሩም አመኑት፤ ቀላሉን ካርባይን ግን በብርዱ ይነክሳል እያሉ ከሰሱት።

ከዚህ ብርድ የሚወጣ ትምህርት አለ። እንደ ሆሳዕና ባለ ዝናባማ ደጋ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል፤ ስለዚህ መሣሪያን ዘይት ማጥገብ ተገቢ ይመስላል። በኮሪያ ክረምት ግን ዘይቱ ረግቶ መሣሪያውን ያስራል። በኦጋዴን ደግሞ ወፍራም ዘይት አሸዋውን ይሰበስባል። ያው ጠመንጃ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት አያያዝ ይፈልጋል።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ተቋማት ዘጋ፤ የአሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫም ቆመ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ገበሬ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሚሊሺያ ሆኖ የሠለጠነው ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት መሣሪያ በተደረገው በዚሁ የሽግግር ወቅት ነው። ለውጡ የጠመንጃ ብቻ አልነበረም። የኤም ዋንም የክላሽም ጥይት ስፋቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ የአንዱ ቀለህ ግን 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የሌላው 39። ግምጃ ቤት ውስጥ የተሳሳተ ሣጥን ከተጫነ ጦሩ ጠመንጃ እያለው ባዶ እጁን ይቀራል።

ክላሽ የተወለደው ከወታደር ስሞታ ነው። ሚካኤል ካላሽኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጓደኞቹ በመሣሪያቸው ሲያማርሩ ሰማ። በ1947 የቀረጸው ጠመንጃ ከሁለት ዓመት በኋላ የሶቪየት ጦር ትጥቅ ሆነ። በክፍሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ትንሽ አቧራ አያስረውም። የጋዙ ፒስተን ከባድ ነው፤ በጥላሸት መካከልም በጉልበት ይሄዳል። ቀለሁ ወደ አፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ እንደ ሾጣጣ ካስማ ትንሽ ሲነቃነቅ ይለቃል። አፈሙዙ ውስጡ በክሮም ተለብጧል።

ይህ ሁሉ ግን «ክላሽ አይነክስም» የሚለውን አባባል እውነት አያደርገውም። መጠበቂያው ወደ ላይ ሲሆን የጎኑን ክፍተት ይሸፍናል፤ ለተኩስ ሲወርድ ይከፈታል፣ ጭቃም ይገባል። የአንዳንድ አሮጌ ጥይት መለኮሻ ዝገት የሚጠራ ጨው ይተዋል፤ ክሮሙ አፈሙዙን ቢያድነውም ፒስተኑ ካልተወለወለ ይበላል። የካዝናው ከንፈር ከተጣመመም ጥይት በወጉ አይጎርስም።

አሜሪካኖች በቬትናም ይህን በከባድ ዋጋ ተማሩ። ኤም 16 ለወታደሩ ሲታደል መወልወያው በበቂ አልተሰጠም፤ የጥይቱ ባሩድ ተቀይሮ ነበር፤ ጥይቱ የሚጎርስበት ቤትም ክሮም አልነበረውም። ጠመንጃው እየነከሰ ወታደሮች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የምክር ቤት አባላት የመረመሩት ከወታደሮቹ አቤቱታ ተነስተው ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ በክሮም ተለበጠ፣ መወልወያም ታደለ፣ ያው ጠመንጃ ለአሥርተ ዓመታት አገለገለ።

ስለዚህ የጠመንጃ ታማኝነት በፋብሪካ ይጀመራል፣ በግምጃ ቤት ይቀጥላል፣ በወታደሩ እጅ ይጸናል። ፍታ ግጠም የሚባለው ልምምድ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው፤ በጨለማ ፈትቶ መግጠም የሚችል እጅ የነከሰን መሣሪያም በጨለማ ያስተካክላል። የትኛው ጥይት እንደከሸፈ፣ የትኛው ዘይት በየትኛው በረሃ እንደጎዳ ከማንም በላይ የሚያውቁት የተጠቀሙበት ሰዎች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ወጣት የነበሩት ዛሬ አረጋውያን ሆነዋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ደጃቸው ላይ ነው። የታሪክ ተማሪዎች መቅጃ ይዘው በሆሳዕናና በዱራሜ የሚኖሩትን የቀድሞ ወታደሮች ስለ ጠመንጃቸው ቢጠይቋቸው፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ እውቀት ይሰበስባሉ። ሥራው ግን ሊዘገይ አይገባም፤ እውቀቱ ከሰዎቹ ጋር ያልፋልና።