ከዳንግላ ቆንስላ እስከ ቻግኒ መንገድ

እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1925 ቆንስል ሆኖ የተሾመው ለዳንግላ ነበር፤ እስከ 1934 ቆየ። ያኔ ሱዳንን የያዘችው ብሪታኒያ ዳንግላ ላይ ሰው ማስቀመጧ አካባቢው ለድንበር ተሻጋሪ ጉዳይ የቱን ያህል ቁልፍ እንደነበር ይናገራል። የአገሬው ነጋዴ ግን ስለራሱ የሚናገርለት ተቋም አልነበረውም።

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። ደርግ በ1970 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 148 እንደገና አደራጀው፤ የግል ንግድ በተሸበበበት ዘመን ብዙም የሚጠበቅበት አልነበረም። አሁን የምናውቀው ከከተማ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ የሚያድገው አደረጃጀት የመጣው በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። ዳንግላን ለሚያቅፈው ለአዊ ዞን ነጋዴ ቅርቡ የክልል ምክር ቤት ባሕር ዳር የሚገኘው ነው።

በእነዚያው ዓመታት አዊን የለወጠው ንግድ ግን ምክር ቤት ሳይጠራው ከገበሬው ማሳ ተነሣ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እህል ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። አዲስ ቅዳም ላይ በመንገዱ ዳር የሚደረደረው ከሰል በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ችግኝ አፍዪው፣ አክሳዩ፣ ጫኙ፣ ደላላው ሁሉ እንጀራ አገኘበት። በቅርብ ዓመታት በሽታ ዛፉን ሲያደርቀው ግን በአንድ ምርት ላይ የመንጠልጠል አደጋ ገሃድ ወጣ። ምክር ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ምርት፣ ሌላ ገዥ፣ የታመነ የዋጋ መረጃ አስቀድሞ የሚፈልግ አካል ያሻል።

ሌላ ገዥ መፈለግ ደግሞ ከድንበር ማዶ ማየትን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ናት፤ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ፈርማለች። ለአዊ ግን የቀጠናዊ ትብብር የመጀመሪያ ፈተና ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ ነው። ደጋው ድንችና ገብስ አለው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዙ የመተከል ቆላ ሰሊጥ፣ ለውዝና ማሽላ ያመርታል። የሚፈላለጉ ገበያዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በአዊው ጃዊና በመተከሉ ዳንጉር የፈሰሰው ደም፣ ከዚያም የመተከል ግጭት ሰውን ሲያፈናቅል ይህን ግንኙነትም ጎዳው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ተጨመረበት።

አዋጅ ቁጥር 341/1995 ምክር ቤቶች ሲጠየቁ የንግድ አለመግባባትን በግልግል እንዲፈቱ ይፈቅዳል። የአማራና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምክር ቤቶች የተጎዳውን ግንኙነት ለመጠገን ይህን ሥልጣን በጋራ ሊጠቀሙበት ይገባል፦ ከሁለቱም ወገን ነጋዴዎች የተመረጡ ገላጋዮች ቻግኒ ላይ ይቀመጡ፤ ሰሊጥ ሸጦ ገንዘቡ የቀረበት ሰው እዚያው አቤት ይበል።